ከባሕር ሻጋታ እስከ መርፌ ብልቃጥ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ በመራዊ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቦ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ልጆች ክብ ሠርተው አንድ ነገር ሲያንከባልሉ አየ። ብይ መስሎት ቀረብ ቢል የመርፌ መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ነው፤ የላስቲክ ክዳኑ እንኳ አልወለቀም። ወዲያው ተቀበላቸው። መቀበሉ ደግ አደረገ፤ የተጣለ የሕክምና ዕቃ የልጅ መጫወቻ አይደለም። በብልቃጡ ላይ «ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «መምህር፣ እኔን ሲወጉኝ የነበረው እንዲህ ያለው ነው። ከምንድን ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችው። «በፋብሪካ ነው የሚሠራው» አላት። እሷ ግን የጠየቀችው የት እንደሚሠራ ሳይሆን ከምን እንደሚሠራ ነበር።

ማታ ጉዳዩን አንሥተን ስንወያይ አንዱ «ከኬሚካል» አለ፤ ሌላው «ከፔኒሲሊን» አለ። ከባሕር ዳር ከተገኘ ሻጋታ ነው ያለ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ስለዚህ መጻሕፍት አገላብጠን፣ የሳይንስ መምህሮቻችንንም ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ አቅርበናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቆሻሻው ባሕር ለምን አልገደለም?

ነገሩ የሚጀምረው በሰርዲንያ ነው። ሰርዲንያ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ የምትገኝ የጣሊያን ደሴት ስትሆን ዋና ከተማዋ ካልያሪ ትባላለች። ዓመቱ 1945 ነው። የአውሮጳ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር፤ ጣሊያን ከእኛ አገር ተባራ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። በካልያሪ ዩኒቨርሲቲ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ፕሮፌሰር የሆነ ጁሴፔ ብሮትሱ የሚባል ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) በከተማው ውስጥ የታወቀ በሽታ ሲሆን የከተማው ፍሳሽ ደግሞ ሱ ሲኩ በሚባለው ዳርቻ በኩል በቀጥታ ወደ ባሕር ይገባ ነበር።

እንደሚተረከው ከሆነ ወጣቶች በዚሁ ውሃ ውስጥ ይዋኙ ነበር። ከተለመደው ዕውቀት በመነሣት ብናስበው እነዚህ ወጣቶች በተስቦ ማለቅ ነበረባቸው፤ ነገር ግን እንደተፈራው አልሆነም። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ጠበቃቸው» ብሎ ያልፈው ይሆናል። ብሮትሱ ግን ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕሩ የሚገባውን የተስቦ ባክቴሪያ እዚያው የሚያጠፋ አንዳች ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቁም አናልፍም። ፍሳሽ የገባበት ውሃ ራሱን በራሱ የሚያጠራበት መንገድ ብዙ ነው። የፀሐይ ብርሃን፣ ጨው፣ የውሃው ብዛት፣ ባክቴሪያ የሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሻጋታው ብቻውን ባሕሩን አጸዳው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ብሮትሱ ያነሣው ጥያቄ ከሰጠው መልስ ይልቅ ትክክል ነበር ለማለት እንደፍራለን። እንዲህ ያለውን ነገር በክፍል ውስጥ ልጅ ሲያመጣው «ተሳስተሃል» ብለን የምንቀመጥ ስንቶቻችን እንሆን?

ብሮትሱ ከቦዩ አፍ አጠገብ ውሃ ቀድቶ በምግብ በተዘጋጀ ሳሕን ላይ አበቀለው። በሐምሌ 1945 ከበቀሉት መካከል አንድ ፈንገስ ለየ፤ ያን ጊዜ ሴፋሎስፖሪዩም አክሬሞኒዩም ይባል ነበር፤ ዛሬ አክሬሞኒዩም ክሪሶጌኑም ይሉታል። ፈንገሱ በበቀለበት አካባቢ የበሽታ ባክቴሪያዎች ማደግ ተሳናቸው። ከእነዚህም አንዱ የተስቦ ባክቴሪያ ነበር። ይኸ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በጊዜው ዓለምን ያስደነቀው ፔኒሲሊን በተስቦ ባክቴሪያ ላይ ይህን ያህል ኃይል አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ የፈንገሱን ጭማቂ አውጥቶ በሕሙማን ላይ ሞከረው። በብጉንጅ ውስጥ ወጋው፤ በተስቦ ለተያዙ ሰዎችም ሰጠ። ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ከብዙ የቤተ ሙከራና የእንስሳት ፍተሻ በፊት በሰው ላይ አይሞከርም፤ ዘመኑ ግን ሌላ ነበር። ጭማቂው ንጹሕ አልነበረም፤ ለማጥራት የሚበቃ መሣሪያም ገንዘብም አልነበረውም። እርዳታ ቢጠይቅም አላገኘም። በመሆኑም በ1948 ውጤቱን በካልያሪ በሚታተም፣ ከደሴቲቱ ውጭ ማንም በማያነበው አንድ ትንሽ መጽሔት አወጣው። የተሻለ አቅም ያላቸው ሌሎች ሰዎች ሥራውን እንዲቀጥሉት ተስፋ በማድረግ ነበር።

ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ሊቀር ይችል ነበር። ደግነቱ ብሮትሱ በሰርዲንያ ያገለገለ አንድ እንግሊዛዊ የጤና ሐኪም ያውቅ ስለነበር በእሱ አማካይነት ወሬው እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ደረሰ። እዚያ ፔኒሲሊንን ከቤተ ሙከራ ወደ ሕሙማን አልጋ ያደረሰው ሃዋርድ ፍሎሪ ነበር። በ1948 ፈንገሱ ራሱ ተላከላቸው።

አንድ ሻጋታ፣ ሦስት መሣሪያ

ኦክስፎርድ ላይ ሥራውን የተረከቡት ኤድዋርድ ኤብራሃምና ጋይ ኒውተን ናቸው። ፈንገሱን በብዛት አሳድገው ጭማቂውን መለያየት ሲጀምሩ ችግር ገጠማቸው፤ ፈንገሱ የሚያመርተው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የተገኘው በተወሰኑ ባክቴሪያዎች ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሴፋሎስፖሪን ፒ ተባለ። ሁለተኛው ሴፋሎስፖሪን ኤን ሲሆን ተመርምሮ ሲታይ የፔኒሲሊን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ብሮትሱ በተስቦ ባክቴሪያ ላይ ያየው ኃይል በአብዛኛው የዚህኛው ነበር።

ሦስተኛው በ1953 ነው የተገኘው። ሲገኝም የፈለገው ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን በማጥራት ላይ ሳሉ እንደ ጉድፍ ተቀላቅሎ በጣም በትንሹ ብቅ አለ። ሴፋሎስፖሪን ሲ ብለው ሰየሙት። ኃይሉ ደካማ ነበር፤ ሊጥሉትም ይችሉ ነበር። ሆኖም አንድ ጠባይ አዩበት። በዚያን ጊዜ በየሆስፒታሉ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኤንዛይም የሚያመርቱ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ተነሥተው ሐኪሞችን አስጨንቀው ነበር። ሴፋሎስፖሪን ሲ ግን በዚያ ኤንዛይም አልሰበርም አለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ ቢባልም ዓመታት ወስዷል። የሞለኪዩሉ አሠራር ተለይቶ የታወቀው በ1961 ነው፤ ዶረቲ ሆጅኪን በኤክስሬይ አማካይነት ቅርጹን አረጋግጣለች። ኬሚስቶች የሞለኪዩሉን እምብርት አስቀርተው ዳርና ዳሩን በመለወጥ የበረታ መድኃኒት መሥራት ቻሉ። የመጀመሪያዎቹ የሴፋሎስፖሪን መድኃኒቶች በ1964 ገበያ ወጡ። ከቦዩ አፍ ውሃው ከተቀዳ 19 ዓመት መሆኑ ነው። ልጆቹ ሲያንከባልሉት የነበረው ሴፍትሪያክሶን የመጣው ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በደም ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚቆይ ለብዙ በሽታ በቀን አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። ታካሚው ከገጠር በእግሩ ለሚመላለስበት ጤና ጣቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለማጅራት ገትር፣ ለከባድ የሳምባ ምች፣ ለጨብጥ፣ ለአንጀት ተስቦም ይሰጣል። የሴፋሎስፖሪን እምብርት እስከ ዛሬ ድረስ የሚገኘው ያንኑ የፈንገስ ዘር በትልልቅ ጋን በማሳደግ ነው።

ማገር አሳሪው

ይኸ መድኃኒት ባክቴሪያውን ሲገድል እኛን ለምን አይገድለንም? ጥያቄው በማንኛውም ክፍል ይነሣል፤ ስለዚህ መልሱን ማወቅ አለብን።

በገጠራችን ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል። ከዚያ ማገሩ ይጋደማል፤ ማገርና ቋሚ በልጥ እየታሰረ ይያያዛል። ልጡ ካልታሰረ ጭቃው ቢመረግም ግድግዳው አይቆምም። የባክቴሪያ ግድግዳም እንዲሁ ነው። ረዣዥም የስኳር ሰንሰለቶች አሉ፤ እነዚህን አጫጭር ማያያዣዎች እርስ በርስ ያስሯቸዋል። አሳሪዎቹ ኤንዛይሞች ናቸው። ባክቴሪያው ባደገና በተከፈለ ቁጥር አሳሪዎቹ ሥራ አይፈቱም።

ፔኒሲሊንም ሆነ ሴፋሎስፖሪን ለአሳሪው ኤንዛይም ልጥ መስለው ይታዩታል። ይይዛቸዋል፤ ከያዛቸው በኋላ ግን እጁ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሌላ ማሰር አይችልም። የባክቴሪያው ሆድ ዕቃ ደግሞ እንደተነፋ ሥልቻ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት አለው። ግድግዳው ሳይታሰር ሲቀር ይፈነዳል። የእኛ ሕዋሳት እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌላቸው ማገር አሳሪም የላቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከእኛ ዘንድ የሚይዘው እጅ አያገኝም። (አንዳንድ ሰው መድኃኒቱ አይስማማውም፤ ሰውነቱ ይቆጣበታል። ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ከመወጋት በፊት ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።)

የሁለቱም ኃይል ያለው ባለ አራት ማዕዘን በሆነች አንዲት ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቷ ከተሰበረች መድኃኒቱ ተራ ዱቄት ነው። በፔኒሲሊን ላይ ይህች ቀለበት ከባለ አምስት ማዕዘን ጋር ስትያያዝ፣ በሴፋሎስፖሪን ላይ ከባለ ስድስት ማዕዘን ጋር ትያያዛለች። የኬሚስትሪ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢሥል ዝምድናቸውም ልዩነታቸውም በአንድ ጊዜ ይታያል።

ለመሆኑ የባሕር ፈንገስ ነው ወይ?

አንድ መምህራችን ረቂቁን አንብበው ያነሡት ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ፈንገሱ የተገኘው በባሕር ውሃ ውስጥ ይሁን እንጂ ከምድር በፍሳሹ ተወስዶ የገባ ሊሆን ይችላል። ዘመዶቹ በአፈር ውስጥም ይኖራሉ። ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪዎች ሲጠነቀቁ «ከባሕር የተገኘ ፈንገስ» ይላሉ እንጂ ሁሉንም በደፈናው «የባሕር ፈንገስ» አይሉም።

ይሁንና የእሱ መገኘት ሌሎችን ወደ ባሕር እንዲያዩ አድርጓል። በአፈር ውስጥ የሚገኙት ጥቃቅን ፍጥረታት ለብዙ አሥር ዓመታት ስለተበረበሩ ፈላጊዎች ያንኑ የታወቀ መድኃኒት ደግመው ደጋግመው ማግኘት ጀመሩ። ስለዚህ ከባሕር ወለል ጭቃ፣ ከስፖንጅ፣ ከባሕር ሣር፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከሚበቅሉ ዛፎች ሥር ፈንገስ መለየት ተያያዙ። አሠራሩ በመሠረቱ ከብሮትሱ ብዙ አልራቀም። ናሙናው በባሕር ውሃ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይበቅላል፤ የበቀለው ለየብቻው ይለያል፤ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳሕን ላይ ይሞከራል፤ በዙሪያው ባዶ ክብ ከታየ ይያዛል። ከዚያ በብዛት አሳድጎ ጭማቂውን ማውጣት፣ መለያየት፣ የእያንዳንዱን ሞለኪዩል ቅርጽ ማወቅ ይከተላል። ይህ አዲስ ነው ወይስ ቀድሞ የታወቀ ነው? የሚለውን ጥያቄ በጊዜ መመለስ ካልተቻለ የብዙ ወራት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

አስገራሚው ነገር ፈንገስ ያለውን ሁሉ ወዲያው አለማሳየቱ ነው። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን ያስረዳል። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሃማስ ደሴቶች አካባቢ ከባሕር ሣር ላይ አንድ ፈንገስ ለዩ። ፈንገሱን ለብቻው ሲያሳድጉት የፈለጉት ነገር አልተገኘም። ከአንድ የባሕር ባክቴሪያ ጋር አብረው ሲያሳድጉት ግን ቀድሞ ያልታየ ንጥረ ነገር አወጣ። ፔስታሎን ብለው ጠሩት። ብዙ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ላይ ኃይለኛ ሆኖ ታየ። ጠላት ሳይመጣ ጦሩን ከሰቀለበት አያወርድም እንደማለት ነው። በኋላ ሌሎች ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን በቤተ ሙከራ ሠርተው ሲፈትሹት ኃይሉ መጀመሪያ ከተባለው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በሳይንስ ውስጥ የምሥራችም ቢሆን ደግሞ ይመዘናል።

ከባሕር በተገኙ ፈንገሶች ውስጥ እጅግ ብዙ ንጥረ ነገሮች ተመዝግበዋል። ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ መካከል ባክቴሪያን ለማከም በየሆስፒታሉ የገባው የሴፋሎስፖሪን ቤተሰብ ነው። ሌሎቹ የቀሩት አንዳንዱ ሰውንም ስለሚመርዝ፣ አንዳንዱ መጠኑ ስለሚያንስ ነው። ገንዘቡም አለ። አዲስ አንቲባዮቲክ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚወሰድና በቁጠባ የሚያዝ መድኃኒት ነው፤ ለዓመታት እንደሚወሰድ የደም ግፊት መድኃኒት ትርፍ ስለማያመጣ ትልልቅ ኩባንያዎች ፍለጋውን እየተዉ ወጥተዋል።

የልጅቷ መርፌ

አሁን ወደ መራዊዋ ተማሪ እንመለስ። ያደረባት የአንጀት ተስቦ ነበር። መርፌው ለ10 ቀን ታዞላታል። በ6ኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እንጀራም መብላት ጀመረች። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጊዜው ደግሞ የአጨዳ ነበር። አባቷ «ልጂቱ ድናለች፤ የደረሰ ጤፍ ደግሞ አይጠብቅም» ብለው ቀሪውን አስቀሩት። መምህራችን ቤታቸው ሄዶ ሲያነጋግራቸው፣ «መምህር፣ የዳነ ሰው ይወጋል እንዴ? እርስዎስ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አሉት። ሰውየው ሞኝ አይደሉም። በሽታው ሄዷል፤ ሥራ አለ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። በማንም አእምሮ የሚታሰብ ሐሳብ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ልጅቷም ባሕር ዳር ድረስ ተወስዳ ታከመች። ዛሬ ደኅና ናት።

ተስቦ እንዲህ የማገርሸት ጠባይ አለው። ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ትኩሳት ጠፋ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም። የቀኑን ቁጥር የሚወስነው በሽታው ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ 5 ቀን ሲበቃ ለሌላው 14 ቀን ያስፈልጋል። ሐኪሙ የሚያዘውም ይህን አይቶ ነው።

ሌላው ችግር ከዚህ ይሰፋል። ባለ አራት ማዕዘኗን ቀለበት የሚሰብሩ ኤንዛይሞች አሉ ብለን ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሴፍትሪያክሶንንና ወንድሞቹን የሚሰብር የኤንዛይም ቤተሰብ እየተስፋፋ መጥቷል። ባክቴሪያዎች ይህን ዕውቀት እርስ በርሳቸው ይዋዋሳሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር ነው። ከ2016 ጀምሮ በፓኪስታን ሲንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሴፍትሪያክሶን የማይበግረው የአንጀት ተስቦ ተነሥቷል። ልብ በሉ፤ ብሮትሱ ከባሕር ዳር የፈለገው ለዚሁ በሽታ ነበር። የፓኪስታን ሐኪሞች እጅ ላይ ከቀሩት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ አዚትሮማይሲን ነው። በክልላችን ትራኮማን ለማጥፋት በየመንደሩ ሲታደል የምናውቀው ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ በ2019 ብቻ መድኃኒት ያልበገራቸው ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል።

ይህን የሚያባብሰው ከሁሉ በላይ ያለ ቦታው መውሰድ ነው። ጉንፋን በቫይረስ ይመጣል፤ ቫይረስ ደግሞ ማገር የሚታሰርበት ግድግዳ የለውም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጉንፋኑን ሳይነካ በአንጀቱ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው የሚያሠለጥነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም ሴፍትሪያክሶን ከሚገባው በላይ እንደሚታዘዝ ደጋግመው አሳይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በጥንቃቄ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ምድብ አስገብቶታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ላይ መጫን አይገባም።

እኛስ ባሕር የለን

ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ይኸ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ባሕር እንኳ የለን!» ብሎ ነበር። ልክ ነው፤ ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። ነገር ግን የብሮትሱን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ባሕር አያስፈልግም፤ ለዚህም ከአገራችን ምስክር አለን።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በአሳም ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው አዩ። ከላይ በኩል ደግሞ በሕይወት አሉ። ሕይወት ያላቸውን ለቅመው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ሞቱ። ከዚህ ተነሥቶ እንዶድ ዓለም አቀፍ የምርምር ርእስ ሆነ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶድ እናቶቻችን ጋቢና ኩታ ያጠቡበት ነው፤ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም አጥር ሥር ይበቅላል። አንዱ ሰው በፍሳሽ አፍ፣ ሌላው በልብስ ማጠቢያ ዳር ቆሞ «ከዚህ በታች ያለው ለምን ከላይኛው ተለየ?» ብሎ ጠየቀ።

የእኛም አገር ልዩ ውሃዎች አሏት። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት እንደ ሻላ፣ አቢጃታና ጭቱ ያሉት ሐይቆች ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፤ ተራ ፍጥረት የማይችለው ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ሐይቆች ባክቴሪያ ለይተው ለኢንዱስትሪ የሚጠቅሙ ኤንዛይሞችን አጥንተዋል። ኤንዛይም አንቲባዮቲክ አይደለም፤ የአለያየቱ ሥራ ግን አንድ ነው። ከዚህ ጋር ማወቅ የሚገባን፣ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ይህም ሻጋታንና ባክቴሪያን ይጨምራል። የብሮትሱ ፈንገስ በፖስታ ሄዶ ነበር፤ የእኛ ግን እንዲህ ሊሄድ አይገባም።

ለክፍል የሚሆን ሥራ

ይህን ትምህርት ያለ ቤተ ሙከራ ማስተማር ይቻላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ሦስት የላስቲክ ከረጢት ይዘጋጅ። በአንዱ ደረቅ ድርቆሽ፣ በሁለተኛው የዕለት እንጀራ፣ በሦስተኛው ውሃ የተረጨበት እንጀራ ይግባ። ሦስቱም ጥብቅ ተደርገው ይታሰሩ። ልጆች በየቀኑ ያዩትን ይጻፉ፤ በስንተኛው ቀን፣ ምን ዓይነት ቀለም፣ የት ላይ እንደጀመረ። እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አይቆይም። በ2012 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እንጀራ ላይ ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጊለስና ራይዞፐስ የሚባሉ የሻጋታ ዓይነቶች ተገኝተዋል። ድርቆሹ ለምን አልሻገተም? የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት።

ጥንቃቄ፦ ከረጢቱ ከታሰረ በኋላ አይከፈት፤ አይሽተት። ሥራው ሲያልቅ እንደታሰረ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ባክቴሪያ ማሳደግ በጭራሽ አይሞከር፤ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ደግሞም ልጆች «ሻጋታ መድኃኒት ነው» ብለው ወደ ቤት እንዳይሄዱ እንጠንቀቅ። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። የሻገተ እንጀራ አይበላም፤ ቁስል ላይም አይደረግም።

መምህራችን ይህን ሁሉ ይዞ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሲመለስ ልጅቷ ከረጢቱን ትኩር ብላ አይታ፣ «መምህር፣ ሻጋታው አረንጓዴና ጥቁር ነው፤ መርፌዬ ግን ነጭ ዱቄት ነበር። እንዴት ነጣ?» አለችው። «እናትሽ ወተቱን ስትንጥ ቅቤው ለብቻው ይወጣ የለ? ሻጋታው ይጣላል፤ ያወጣው ነገር ብቻ ተጣርቶ ይደርቃል፤ ከዚያም ኬሚስቶች ያስተካክሉታል» አላት። ጥቂት አሰበችና፣ «አጓቱስ?» አለች። አጓቱን በተመለከተ በፈንገስ ማሳደጊያው ጋን ውስጥ የሚተርፈው ነገር የት እንደሚደርስ በሚቀጥለው ዕትም እንመለስበታለን። ሦስቱ ከረጢቶች በሳይንስ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ተሰቅለዋል፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀናቸው ነው።